«የፈረንጅ ታሪክ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ባለፈው እትም ጣሊያን አገር ታሪክ መማሬን በአንዲት መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ጦሱ ይኸው፣ የደብዳቤ ጎርፍ። ሁሉንም መመለስ አልችልም፤ አምስቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ በኋላ እንዳንጣላ።

ጥያቄ፦ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ምኞቴ አውሮፓ ሄጄ የአውሮፓን ታሪክና ባህል፣ በተለይ የመካከለኛውን ዘመን መማር ነው። ቤት ውስጥ ግን ይስቁብኛል። አባቴ «የራሳችንን ሳንጨርስ የፈረንጅ ታሪክ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። እውነት እብደት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እብደት አይደለም። የአባትሽን ጥያቄ ግን አትናቂው፤ ውስጡ ሁለት ጥያቄ አለ።

አንደኛው የእንጀራ ጥያቄ ነው። በዚህ አልዋሽሽም። የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ተምሮ በማግስቱ ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው አላየሁም። ከእኔ ጋር ከተመረቁት አንዱ አስጎብኚ ሆነ፣ አንዷ ቤተ መዛግብት ገባች፣ አንዱ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ደስተኛ ነኝ ይላል፣ አላምነውም። እኔም ይኸው ደብዳቤ እመልሳለሁ። ሥራሽን ከመልቀቅሽ በፊት ለክፉ ቀን የምትይዢው የራስሽ ገንዘብ ይኑርሽ። ገንዘብ ያዥ ነሽና ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሁለተኛው «የራሳችንን ሳንጨርስ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከአባትሽ ጋር እከራከራለሁ። የራሳችንን ልንጨርስ ስንነሳ እኮ ብዙው ወረቀት እነሱ ጋ ነው ያለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ያንን ዘመን የሚያጠና ሰው አልቫሬዝን ዘሎ የትም አይደርስም። አልቫሬዝን በደንብ ለማንበብ ደግሞ ሰውየው ከምን ዓይነት አገር ተነሥቶ እንደመጣ፣ እዚያ ቄስ መሆን ምን ማለት እንደነበረ፣ የላከው ንጉሥ ምን ፈልጎ እንደላከው ማወቅ ያስፈልጋል። የፈረንጅ ታሪክ የምንለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ይህ ለአባትሽ የሚሆን መልስ ነው። እኔን የያዘኝ ግን እንዲህ ያለ ብልጥ ምክንያት አይደለም፤ አንድ መዝገብ ነው። በ1256 ጣሊያን ውስጥ ያለችው የቦሎኛ ከተማ ምክር ቤት በከተማውና በዙሪያዋ ያሉትን ጌታ ያላቸው አገልጋዮች (ባሪያ በያቸው ጭሰኛ፣ በመሃል የሆነ ነገር ነው) በከተማዋ ገንዘብ ዋጅቶ ነፃ ለማውጣት ወሰነ። ከ14 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ለጌታው 10 ሊሬ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ 8 ሊሬ ተከፈለ። ከ5,800 በላይ ሰው ነፃ ወጣ፤ የባለቤቱም የአገልጋዩም ስም በየሰፈሩ ተመዘገበ። መዝገቡ እግዚአብሔር ገነትን ተከለ ብሎ ስለሚጀምር «የገነት መጽሐፍ» ይባላል፤ ዛሬም እዚያው ቦሎኛ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ልባችን ተነክቶ ተቀምጠን ሳለ መምህሩ ጠየቀን፦ «ነፃ ሰው የሚከፍለው፣ ባሪያ የማይከፍለው ምንድን ነው?» ማንም አልመለሰም። «ግብር!» አለና ወደ ቀጣዩ ገጽ ገለበጠ። ከዚያን ቀን በኋላ መውጣት አቃተኝ። ገባርና ባለርስት የሚሉትን ቃላት እየሰማ ላደገ ሰው ያ መዝገብ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ለእኔ ማንም ወዳልነገረኝ። ማስታወቂያው ላይ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ታያለሽ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ታሪኩ ግን በእንግሊዝኛ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት የውል መዝገብ ፎቶ ኮፒ ታደለን። ላቲን ነው፣ ያውም የእጅ ጽሑፍ፣ ግማሹ ቃል በምህጻር የተቆራረጠ። ጎኔ የተቀመጠችው ጣሊያናዊት ሁለተኛ ደረጃ ላይ አምስት ዓመት ላቲን ተምራለች። እኔ እንደምንም ቀኑን እንኳ ላግኝ ብዬ ወረቀቱን አገላበጥኩ፤ ቀኑም በላቲን ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ እንዲህ አለቀ። በትርጉም የሚገኘውን ብቻ እያነበብኩ፣ ሌሎቹ በሚያወሩት ላይ ራሴን እየነቀነቅኩ።

ቋንቋው ሲገባኝ ነው ደስታው የመጣው። ቦሎኛ ውስጥ ከ1265 ጀምሮ ትልልቅ ውሎች የሚገለበጡባቸው የከተማ መዝገቦች አሉ። ጸሐፊዎቹ በውሎቹ መሃል ባዶ ቦታ ሲተርፍ ሌላ ሰው ቃል እንዳይጨምርበት ግጥም ይጽፉበት ነበር። እኛ ጋ ባዶው በሰረዝ ይዘጋል፣ እነሱ በግጥም ዘጉት! በ1287 ከተጻፉት አንዱ ታላቁ የጣሊያን ባለቅኔ ዳንቴ ጋሪሰንዳ ስለሚባለው የቦሎኛ ግንብ የገጠመው ነው። ግንቡ ዛሬም ተጣሞ ቆሟል፤ ከ2023 ወዲህ ይወድቃል ተብሎ ተፈርቶ ዙሪያው ታጥሯል። የቤት ሽያጭ ውል እያነበብሽ በመሃል ግጥም ሲያጋጥምሽ የሚሰማሽን በእንግሊዝኛ ትርጉም አታገኚውም፤ ተርጓሚው ውሉን ዘሎታላ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከማመልከትሽ በፊት እዚያው አዲስ አበባ ስድስት ወር ቋንቋ ተማሪ። የጣሊያን ባህል ተቋም አለ፣ ጎተ አለ፣ አሊያንስ አለ። ከሥራ ወጥተሽ፣ ደክሞሽ፣ በዝናብ ታክሲ ተሰልፈሽ ስድስት ወር ከዘለቅሽና ከወደድሽው ሂጂ። ከሰለቸሽ በትንሽ ገንዘብ ተገላገልሽ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ ብርና ወረቀት! ቤተሰቤ ደሃ ነው። ኤጀንቶች ብዙ ብር ይጠይቁኛል። ያለ እነሱ ይቻላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይቻላል። ኤጀንቱ የሚሞላልህ ፎርም አንተው በስልክህ የምትሞላው ፎርም ነው። ልዩነቱ እሱ ስምህን አሳስቶ ይጽፈዋል።

የማውቀው የጣሊያንን ነውና ከእሱ ልነሣ። መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ታመለክታለህ። ሲቀበሉህ ዩኒቨርሲታሊ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ቅድመ ምዝገባ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ኤምባሲ ሄደህ የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ ትጠይቃለህ። እዚያ በደረስክ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻህን ፖስታ ቤት ታስገባለህ። አዎ፣ ፖስታ ቤት። ካርዱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ነው መታወቂያህ፣ ከፓስፖርትህ እኩል ጠብቀው።

ድህነትህን አትፈርበት፣ እዚያ ሰነድ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ በቤተሰብ ገቢ ነው የሚሰላው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ጭራሽ ላይከፍል ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ በየክልሉ ለውጭ ዜጋም ጭምር የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ። ቦሎኛ ያለችበት ክልል ይህን የሚያስተዳድረው ኤርጎ የሚባል መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ካፌ ያበላል፣ ከተሳካም ማደሪያ ይሰጣል። ወጥመዱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቤተሰብህን ገቢና ንብረት የሚገልጸው ወረቀት ከዚህ ተፈርሞ፣ ተተርጉሞ፣ ተረጋግጦ መሄድ አለበት፣ ከቀበሌ እስከ ኤምባሲ የማኅተም ሰልፍ ነው፤ ተቀባይነት እስክታገኝ አትጠብቅ፣ ዛሬ ጀምር። ሁለተኛ፣ በአንደኛው ዓመት የተወሰነ ክሬዲት በቀኑ ካላሟላህ ገንዘቡን መልስ ትባላለህ። በልተኸዋል እኮ፣ ከየት ትመልሳለህ?

ጀርመን ከሆነ ሐሳብህ፣ ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የላቸውም። ባደን ቩርተምበርግ በሚባለው ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ችግሩ የተዘጋ ሒሳብ የሚሉት ነገር ነው። ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሌለው ሰው የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ ባንክ ያስገባል፤ ከመስከረም 2024 ወዲህ በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። አየህ፣ ነፃ ትምህርት ማለት ነፃ ኑሮ ማለት አይደለም።

ሌላው ኤራስመስ ሙንዱስ ነው። ሁለት ሦስት አገር እያዞረ የሚያስተምር የማስተርስ ፕሮግራም ነው፤ ስኮላርሺፑን ያገኘ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። የጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የግሎባል ስተዲስ ፕሮግራም ለዓመታት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በአጋርነት ይዞ ቆይቷል፤ ታሪክ ለተማረ ሰው ይስማማል፣ እየው። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ነው፣ መስከረም ላይ ዶክመንትህ ያለቀ ይሁን።

የተማሪ ቪዛ ይዘህ ጣሊያን ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። እሠራለሁ ብለህ ግን ሙሉ ወጪህን በሱ ላይ አታስላ፣ ቋንቋ ሳይኖርህ ሳህን ማጠቢያም አይሰጥህም። በመጨረሻ፣ ቤት ሳታይ ቀብድ አትላክ። እኔ ልኬ ተበልቻለሁ። ፎቶው ላይ የነበረው ቤት እውነት ነበረ፣ አከራዩ ነው ያልነበረው።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነው። ለአንድ ሴሚስተር ሮም ሄጄ የሬኔሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ትንሣኤ ዘመን የሚሉት) ታሪክና ጥበብ እማራለሁ ይለኛል። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ አምስት ዓመት ጫካ ለጫካ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ኖረው እግራቸውን አጥተው ነው የተመለሱት። እሳቸው የተዋጉትን አገር የልጅ ልጃቸው ልጅ ሄዶ ሊያደንቅ ነው? ልከለክለው ፈልጌ አፌ እንቢ አለኝ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አይከልክሉት። ግን ባዶ እጁን አይላኩት። የአያትዎን ታሪክ እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብለው ይንገሩት፤ የት እንደተዋጉ፣ በማን ሥር እንደነበሩ፣ እግራቸው የት እንደቀረ። ፎቶ ካለ ስልኩ ላይ ይጫንለት። ከዚያ ሮም ራሷ ታስተምረዋለች፣ ብዙ ሮማውያን የማያዩትን ያያል።

ከአውሮፕላን ወርዶ በባቡር ተርሚኒ ጣቢያ ይደርሳል። ፊት ለፊቱ ያለው፣ አውቶቡሶች የሚቆሙበት ትልቅ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስንቱ ሰው ያልፍበታል፣ ስንቱ ሐበሻስ እዚያ ተቀጣጥሮ ይገናኛል፣ የስሙን ምክንያት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ልጅዎ ያውቃል።

ቀጥሎ ወደ ፖርታ ካፔና ይሂድ። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተጭኖ መጥቶ የቆመበት ቦታ ነው። ከጎኑ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲታሰብ ግን ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ነበር፣ ማለትም እኛን ለሚገዛው መሥሪያ ቤት። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፣ በሦስት ተቆርጦ፤ አክሱም ላይ ተመልሶ የቆመው በ2008። አስራ ስምንት ወር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ። አሁን ቦታው ላይ በ2001 በሴፕቴምበር 11 ጥቃት አሜሪካ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አምዶች አሉ። የአሜሪካ ልጅ ነውና ይህንን ይለየዋል፤ የበፊቱን ግን እርስዎ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?

ከኮሎሲየም ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ዳር፣ ግድግዳው ላይ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ። የጥንቷ ሮም ከአንዲት ነጥብ ተነሥታ እንዴት እንደሰፋች የሚያሳዩ ናቸው፤ ሙሶሊኒ በ1934 ያሰቀላቸው። አምስተኛም ነበረ። ኢትዮጵያን ከያዙ በኋላ የጨመሩት፣ የፋሽስቱን «ኢምፓየር» የሚያሳይ። ከጦርነቱ በኋላ ወረደ። ልጅዎ አምስተኛው የነበረበትን ባዶ ግድግዳ ፎቶ ያንሳልኝ፣ የታሪክ ተማሪ ከአራቱ ይልቅ እሱን ነው የሚያየው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ አይስክሬም እየበላሁ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ደግሞ በደሉን ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ እናቴ። ሬኔሳንስ አይደል የሚማረው? የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መሃለኛው የነሐስ በር በ1445 ያለቀ የሬኔሳንስ ሥራ ነው፤ ፊላሬቴ የሚባለው ቀራጭ ነው የሠራው። በሩ ላይ በ1441 ወደ ፍሎረንስ ጉባኤ የመጡት የእኛ መነኮሳት፣ ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩት፣ ተቀርጸዋል። ከባሲሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የተባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ የእኛ ተሳላሚዎች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚያርፉባት ነበረች። ለመግባት ፈቃድ ይጠይቃል፣ አስቀድሞ ይጻፍላቸው። ማለት የፈለግኩት፣ ከሙሶሊኒ አራት መቶ ዓመት ቀድመን እዚያ እንግዶች ነበርን፣ በራሳችን እግር ሄደን።

ልጁ ሲመለስ ምን እንዳለዎት ይጻፉልኝ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ አራት ዓመት ደግሞ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። አሁን በማታ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። የአውሮፓን የጥንት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ። ፈረንጅ ዘንድ የቆሎ ትምህርት ቤት ዕውቀት ይቆጠራል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወረቀት ላይ አይቆጠርም። ማመልከቻው ላይ «ቅኔ ተቀኝቻለሁ» የሚል ሳጥን የለም፤ ዲግሪህን ጨርስ፣ እንግሊዝኛህን አሳድግ፣ ግዴታ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላይ ስለ ላቲን ያለቀስኩትን አንብበኸዋል? አንተ እንደኔ አታለቅስም። ርባ ግስ ያወረደ ሰው፣ ባለቤትና ተሳቢ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፣ በቃሉ ይዞ ማደር የለመደ ሰው ላቲንን ከእኔ በሦስት እጥፍ ፍጥነት ይይዛል። ብራና እንዴት እንደሚዳመጥ፣ ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ አይተሃል፤ እዚያ ያን በስላይድ ነው የሚያስተምሩት።

የቀደሙህም አሉ። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን ያችው ቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው በ1548 እና 49 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ሮም ላይ አሳተሙ። ለስህተቱ ይቅርታ ሲጠይቁ የጻፉት ያስቀኛልም ያሳዝነኛልም፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ማንበብ አይችሉ፣ እኛ መልቀም አንችል፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ተረዳዳን ይላሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የአማራ ሰው እዚያው ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ወጣት ጋር በ1649 ተገናኙ። በ1652 ጀርመን አገር፣ ጎታ፣ መስፍኑ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄደው ያስተምሩት ጀመር። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ ሰዋስው፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው እሱ ነው። መምህሩ ግን የእኛው ቄስ ናቸው! አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከብ ሰጥሞባቸው ሞቱ።

የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ዛሬ በዚሁ በሉዶልፍ ስም ነው የሚጠራው፤ ግዕዝ ብራናዎችን በማጥናት ሥራቸው የታወቁ ናቸው። ለአንተ መጀመሪያ የምታንኳኳው በር እሱ ይመስለኛል። ግን እንዲህ ያለው ቦታ ስትሄድ የግዕዙን ብቻ እየሠራህ እንዳትቀር። ሁሉም ወደዚያ ይገፋሃል፣ ኢትዮጵያዊ ነሃ፣ የኢትዮጵያን ሥራ ይሉሃል። ላቲኑንም ያዝ። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው እነሱም ጋ እኛም ጋ ጥቂት ነው። እስከዚያው የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ብዙ የግዕዝ ብራናዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል፣ ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ ማየት ትችላለህ። ዳታ ግን ይበላል።

ጥያቄ፦ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ! መስከረም ላይ እሄዳለሁ። ፈተናው በቃል ነው ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ። ሌላው፣ ሻንጣ ውስጥ ምን ልያዝ? እናቴ ቅቤና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አዎ፣ አብዛኛው ፈተና በቃል ነው። መምህሩ ፊት ትቀመጫለሽ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከኋላሽ ተደርድረው ይሰማሉ፣ ጥያቄው «እስቲ ስለ ጥቁር ሞት፣ አውሮፓን ስለጨረሰው ቸነፈር ንገሪኝ» ዓይነት ነው። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። እኔን መጀመሪያ የጣለኝ ዝም ማለቴ ነው። እኛ አገር ታላቅ ሰው ፊት ሲያስቡ ዝም ይባላል፣ ጨዋነት ነው። እዚያ ዝም ካልሽ አታውቂም ነው። እያሰብሽም ቢሆን ተናገሪ፣ ከሩቅ ጀምረሽ ተጠጊ፣ እጅሽንም ብታወዛውዢ ማንም አይታዘብሽም። ደስ የሚለው፣ ያልወደድሽውን ውጤት ብዙ ጊዜ አልቀበልም ብለሽ በሌላ ቀን መፈተን ትችያለሽ። እኔ 19 ተሰጥቶኝ ተቀብዬ ሮጥኩ።

ክፍሉ በ9 ሰዓት ነው ከተባለ 9 ከሩብ ነው የሚጀመረው፣ የዩኒቨርሲቲ ሩብ ሰዓት ይሉታል። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ረጅሙ የአዚኔሊ ግንብ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ቢከፈትም ሳትመረቂ እንዳትወጪ፤ የወጣ ተማሪ አይመረቅም ይላሉ። አላምንበትም፣ ግን አልወጣሁም።

ስለ ሻንጣው፣ ወፍራም ጃኬት እዚያ ልባሽ ገበያ ይገኛል፣ ከዚህ አትሸከሚ። ዣንጥላም ብዙ አያስፈልግሽም፤ ቦሎኛ መሃል ከተማው አብዛኛው መንገድ በአምድ በተደገፈ በረንዳ ሥር ነው የሚኬደው፣ ዩኔስኮ በ2021 የመዘገበው እሱን ነው። ለእናትሽ ግን ክፉ ዜና አለኝ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። ቋንጣውም ቅቤውም አየር ማረፊያ ላይ ይጣላል፣ ሲጣል ማየት ደግሞ ያስለቅሳል። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና አብሹን ያዢ። ቅቤውን እዚያ ከሱፐርማርኬት፣ ጨው የሌለበትን ገዝተሽ ራስሽ አንጥሪው። ስታነጥሪ መስኮት ክፈቺ፤ የመጀመሪያ ቀን የእኔ ጎረቤት ጋዝ ፈሰሰ ብላ ሰው ጠርታለች።